ጋሽ አደሎ ከየት ወደቁ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከሥልጠና ተመልሳ ስለ አንድ ዶክተር አውርታ አልጠግብ አለች። እሷም እንደኔ ነርስ ናት። ሥልጠናው ስለ ሕክምና መዝገብ አያያዝ ነበር፤ ተኝቶ የታከመ ሰው ሕመሙ በካርዱ ላይ በትክክል ካልተጻፈ የበሽታው ኮድ እንደሚሳሳት፣ ኮዱ ከተሳሳተ ደግሞ አገር በሙሉ በተሳሳተ ሪፖርት እንደሚመራ ዶክተሩ በሚገርም ሁኔታ አስረድቷል። «እትዬ፣ እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! 'ያልመረመራችሁትን አትጻፉ' ሲል አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበለት» አለችኝ። ስሙን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ውሃ ጠጣሁና ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ልማዴ ነው። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ ስለ ትዳሬም ሆነ ስለ ደመወዜ ጠይቆኝ መልስ ያገኘ ሰው የለም። ይህን ግን እጽፈዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ራሳቸውን ካወቁት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ያኔ ከቦንጋ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትንሽ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ዛሬ በዚያ ስም የለም። ዘመኑ የለውጥ ሥራ፣ የሞዴል ሠራተኛ፣ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ግድግዳው ሁሉ በጥቅስ ተሸፍኖ የሙቀት መለኪያ ግን ለሁለት ክፍል አንድ ነበረን። አዲስ የበሽታ ምዝገባ ቅጽ መጣ ተብሎ ስለ አሞላሉ ልሠለጥን ወደ ዋጫ ተላክሁ። እዚያም ባዶ ሳጥን መተው እንዴት ያለ ወንጀል እንደሆነ በደንብ አስተማሩን። ሳጥኑ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ግን ብዙም አልተነሳም።

ከሥልጠና በተመለስኩበት ጠዋት ክፍሉን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ነርስ የሆነ ሰው ያውቀዋል። የቁስል ሽታ ከሌላው ሁሉ ይለያል። በካርዶቹ መሠረት ግን ክፍሌ ውስጥ አንድም ቁስለኛ አልነበረም፤ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ ብቻ። ሽታውን ተከትዬ መስኮቱ ሥር ወዳለው አልጋ ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው በትኩሳት ያቃስታሉ። ባለቤታቸው አልጋው ግርጌ ልክ እግራቸው ላይ ለመቀመጥ ትንሽ ሲቀራቸው ተቀምጠዋል።

ካርዱን አነሳሁ። አቶ አደሎ፣ ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ መንደር። በገቡበት ቀን ዶክተር ፍሬው፣ ያው ሰሞኑን አዳራሽ ያጨበጨበለት፣ «ትኩሳት፤ ወባ?» ብሎ ጽፏል። በማግስቱ «ደህና ነው፤ ያው ይቀጥል»። በሦስተኛው ቀን «ለውጥ አለው፤ ያው ይቀጥል»። ፊርማው ያምራል። ሽማግሌው ግን ለውጥ ካላቸው ወደ መቃብር ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልኩ።

ሴትየዋ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ንቅንቅ አላሉም። «ትኩሳት ነው ሲስተር። ዶክተሩ አይቷል።»

«ምኑን አየ?»

«ፊቱን።»

ንግግሬን ወደ ካፊኖኖ ለወጥኩት። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አልናገረውም እንጂ እችለዋለሁ። ሴትየዋ ደንገጥ ብለው አዩኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ጋቢውን ገለጡት።

ግራ እግራቸው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በቀርከሃ ስንጥቅ ተደግፎ በጨርቅ ተጠፍሯል። እብጠቱ ጨርቁን ውጦታል። ከማሰሪያው በታች ያለው እግር ጠቁሯል፤ ብዳስሰው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ታሪኩ አጭር ነው። ጋሽ አደሎ ቀፎ ሊሰቅሉ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁ። ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ወጌሻ ወሰዳቸው፤ ወጌሻው አሰረ። ትኩሳቱ ሲነሳ ግን ወጌሻው ራሱ ፈርቶ «ሆስፒታል ውሰዱት» አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ በወጌሻ የታሰረ ክንዱን ይዞ ቢመጣ፣ ከእኛው ሰዎች አንዱ ሰው ፊት አዋርዶ «ያሰረህ ይፍታህ» ብሎ መልሶታል። ግቢያችን በር ላይም ወጌሻን የሚያወግዝ ሥዕል ተለጥፏል። ስለዚህ መንደሩ መክሮ እግሩ እንዳይታይ፣ ትኩሳቱ ብቻ እንዲታከም ወሰነ።

«መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ እግሩንም አይስተውም ብለን ነው» አሉኝ እትዬ አስካለ።

በእሳቸው አልፈረድኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ጋቢ ሳይገልጥ «ለውጥ አለው» ብሎ የጻፈው እሳቸው አይደሉም።

ማሰሪያውን ላላ አደረግኩና ዶክተር ፍሬውን ፍለጋ ወጣሁ። ተረኛ ክፍል ተቀምጦ ለነገ እንግዶች የሚያቀርበውን ጽሑፍ ያዘጋጃል። ከክልል የሱፐርቪዥን ቡድን ሊመጣ ነው፤ ሞዴል ሆስፒታል ለመባል አንድ ግምገማ ነው የቀረን።

«ዶክተር፣ መስኮቱ ሥር ያሉትን ሽማግሌ አይተሃቸዋል?»

«ወባው? እየተሻለው ነው።»

«እግራቸው ተሰብሯል። ሊበሰብስም ነው።»

ሳቀ። «ሲስተር በላይነሽ፣ ዋጫ ሥልጠናው ላይ ምን አበሏችሁ?»

«ና እይ።»

መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሰነፍ እንጂ ደደብ አልነበረም። ጋቢውን ስገልጥለት ፊቱ አመድ መሰለ። እግሩን ዳሰሰ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካ። «ዛሬውኑ ጅማ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ እግሩ ብቻ አይደለም የሚሄደው» አለ በሹክሹክታ። በዚያች ቅጽበት ሐኪም ነበር፤ አልክደውም።

ቀጥሎ ግን ካርዱን አየ። የራሱን ጽሕፈት አነበበ። ሐኪሙ ሄዶ ሠራተኛው መጣ።

«ምን ብዬ ነው ሪፈር የምጽፈው?»

«የተሰበረና የተበከለ እግር ብለህ ነዋ።»

«ሦስት ቀን ምን ስሠራ ነበር ልበል?»

መልሱን እሱም እኔም እናውቀው ነበር። ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገሰገሰ። ተከተልኩት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘለቀ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ የሚመስለው ሰው ነበር። ብቻውን ብታገኙት እንኳ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል። ነገሩን ሰማና ወዲያው የስታትስቲክስ ክፍሏን ትዕግሥትን አስጠራ። የበሽታ ኮድ የምትሞላው እሷ ናት።

«ይህ ሰው በምን ተመዝግቧል?»

«በወባ።»

«ካርዱ ላይ እኮ የጥያቄ ምልክት አለው፤ ተጠርጥሮ ነው» አልኩ።

ትዕግሥት ደግ ልጅ ነበረች። «እትዬ በላይነሽ፣ ሊስቱ ላይ 'ይሆን ይሆናል' የሚል በሽታ የለም። ዶክተሮቹ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ አይጽፉልኝም። እኔ መጀመሪያ የተጻፈውን ነው የማስገባው። የሳምንቱም ሪፖርት ሄዷል።»

አቶ ዘለቀ ጣቶቹን አቆላለፈ። «እንደሚታወቀው ወባን ወደ ጅማ አንልክም፤ የሪፈር ቁጥር ይቆጠርብናል። በሪፖርት ወባ የሆነ ሰው ደግሞ ድንገት እግሩ ተሰበረ ብንል፣ የት ተሰበረ ይሉናል።»

«ዛፍ ላይ።»

«ዛፉ እኛ ጋ አልተመዘገበም» አለ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቱ ላይ የፈገግታ ምልክት አልነበረም። ትንሽ አሰበና ድምፁን ለስለስ አደረገ። «አሁን፣ ዛሬ፣ ከአልጋ ቢወድቅስ? ወባ ያለበት ሰው ይቃዣል፤ ይወራጫል፤ ይወድቃል። ዶክተር ፍሬው ወዲያው መርምሮ ሪፈር ጻፈ። ወባውም ወባ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውየውም ጅማ ይሄዳል።»

ዶክተር ፍሬው መሬት መሬት ያያል።

«ሰው ከአልጋ ሲወድቅ በዕለቱ የነበረችው ኃላፊ ነርስ ናት የምትጠየቀው» አልኩ።

«እሱን በውስጥ እንይዘዋለን።»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው ሰውየው ወባ ነው» አለ አቶ ዘለቀ፤ ካርዱን ዘጋ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ራሴ ሪፈር ልጻፍ ብል የሐኪም ፊርማና ማኅተም ይጠይቃል። የነርስ ማስታወሻ ላይ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ዶክተሩ ግን ከሥሩ «ታይቷል፤ ያው ይቀጥል» ብሎ ፈረመበት። እንዴት እንደሳቅሁ! ማቆም አቅቶኝ እትዬ አስካለ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። አምቡላንሱም አልነበረም፤ ለእንግዶቹ መስተንግዶ በግ ሊያመጣ ሄዷል። ሌላ መኪና እንዳይከራዩ ቤተሰቡ አቅም የለውም፤ ቢከራዩም ያለ ሪፈር ወረቀት ጅማ ላይ ማን ያስገባቸዋል?

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። ዝናብ ነበርና ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው መተላለፊያው ላይ ካርቶን ተነጠፈላቸው። የሽታው ነገር አቶ ዘለቀን ስላሳሰበው መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ዙሪያ ዲቶል ተረጨ። የቡድኑ መሪ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። የጋሽ አደሎ ካርድ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይህን እዩት» አለ ለጓደኞቹ። «አንድም ባዶ ቦታ የለም! ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ ፊርማ አለ። ካርድ ማለት ይህ ነው።»

አቶ ዘለቀ በትሕትና አንገቱን ደፋ። እኔ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ ካርዱን አይተዋል። አሁን ሰውየውን ይዩልኝ።»

«ሲስተር፣ ምን ነበር?»

«ካርዱ ወባ ይላል። የሰውየው እግር ተሰብሯል።»

የቡድኑ መሪ ቼክሊስቱን ገለጠ። ፈለገ። አገላበጠ። «ይሄ ክሊኒካል ጉዳይ ነው፤ እኛ የመጣነው የመረጃ ጥራት ልናይ ነው» አለኝ ከልቡ አዝኖ። «ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።»

ሐኪማችን አጠገቡ ቆሟል። የመስኮቱን መጋረጃ በጥንቃቄ ያጠና ነበር።

እንግዶቹ ወደ በጉ ሄዱ። እኔ ወደ ጋሽ አደሎ ተመለስኩ። እግራቸው ላይ ያለው ጥቁረት ከማሰሪያው በላይ መውጣት ጀምሯል። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ስማቸውን አያውቁም፤ ባለቤታቸውን በሞተች እህታቸው ስም ይጠራሉ። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይሞታል እንዴ?»

ለስንት ሰው ዋሽቻለሁ በዚህ ጥያቄ። ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። «እዚህ ከቆዩ፣ አዎ።»

ተነሳሁ፤ አቶ ዘለቀ ምሳ ላይ እያለ ገባሁ። በእጁ ጎድን ይዟል።

«ወረቀቱን አምጣ።»

ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ መሳቢያው ውስጥ ነው። «ታካሚው በዛሬው ዕለት ከአልጋ ላይ በመውደቁ ግራ እግሩ ስለተሰበረ» ይላል። ከሥሩ የዶክተር ፍሬው ቆንጆ ፊርማ። የኔ ቦታ ባዶ። ፈረምኩ። ደግነት አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ንዴት ነው። ያንን ባዶ ቦታ እያዩ ሰውየውን ገድለው «ያው ይቀጥል» ብለው ሲጽፉ ማየት ስላንገሸገሸኝ ነው።

«ሲስተር ጠንካራ ሠራተኛ ናት» አለ አቶ ዘለቀ፣ ጎድኑን እየጋጠ።

አምቡላንሱ የበጉ ሽታ ሳይለቀው ጋሽ አደሎን ይዞ ወደ ጅማ ወጣ።

ግምገማው የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ግምገማን ላላያችሁ ልጆች፦ ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ራሱን የሚረግምበት፣ ካልረገመ ጓደኞቹ የሚረግሙለት ስብሰባ ነው። አቶ ዘለቀ «በውስጥ እንይዘዋለን» ያለው ይህንን ኖሯል። ታካሚ ከአልጋ ጥላለች፣ በእንግዳ ፊት ዲሲፕሊን ጥሳለች፣ ግለ ሂስ ታውርድ ተባልኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜ ተወቀስኩ። ዶክተር ፍሬውም እጁን አወጣ።

«ሲስተር በላይነሽን እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ግን የታካሚ ደህንነት ላይ ክፍተት አለባት። ይህን የምለው እንድትማር ነው።»

ተማርኩ። ከኃላፊነት ተነስቼ ደካ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ያኔ ልብሴን ጠቅልዬ የሄድኩበት መንገድ ሕይወቴን ለሁለት ከፈለው። ቦንጋ ላይ የነበረኝን ቤት፣ የነበረኝን ሰው፣ የነበረኝን ስም ተውኩ። የትኛው ይበልጥ እንደጎዳኝ አልነግራችሁም።

ሆስፒታሉ ሞዴል ሆነ። ቀጥሎ የሆነውን ግን ትዕግሥት ናት የነገረችኝ፤ ደካ ድረስ መጥታ፣ እየሳቀች፣ ደግሞ እያፈረች። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ከአልጋ መውደቅ እንደ ችግር ተለይቶ ወጣ። በጀት ተያዘለት። በሚቀጥለው ዓመት መከለያ ያላቸው አዳዲስ አልጋዎች መጡ፤ ለምረቃቸው ሪባን ተቆረጠ። የራጅ መሣሪያ ግን አልተፈቀደም፤ በዚህ ሆስፒታል ሪፖርት መሠረት ከዛፍ የሚወድቅ ሰው የለምና። በካፋ ጫካ ውስጥ! ቀፎ ሰቃይ በሞላበት አገር! ሲወድቁ ትኩሳት፣ ሲወድቁ «ሌላ»፣ ሲወድቁ ወባ እየተባሉ መከለያ ያለው አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ከዚያ እንዳይወድቁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምክር ሰጪ አይደለሁም፤ የሰጡኝም አልጠቀመኝም። ይህን ብቻ እላለሁ። ሆስፒታል ተኝታችሁ ስትወጡ «ሕመሜ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቆጧችኋል። ተቆጡም አልተቆጡ አንብቡልኝ በሉ። እናንተ ከበሩ ስትወጡ እዚያ የሚቀረው ሰው ወረቀቱ ነው። መድኃኒት የሚታዘዝለት፣ ማሽን የሚገዛለት፣ ሐኪም የሚቀጠርለት እሱ ነው። የታመሙ ሰዎቻችንን ስናክም ኖረን፣ መንግሥት ሲያክም የኖረው የወረቀት ሰዎችን ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ከሥራ እስክወጣ ድረስ ያላየሁትን አልጻፍኩም፣ ያልገለጥኩትንም ጋቢ «አይቻለሁ» አላልኩም። በዚህ የተነሳ አለቆቼ አልወደዱኝም። እኔም አልወደድኳቸውም።

አንድ የገበያ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ቆመው አገኘሁ። ግራ እግራቸው አጥሯል፤ ሁለት ጣቶቹ የሉም። ግን ቆመዋል። ጋሽ አደሎ ናቸው። አጠገባቸው እትዬ አስካለ ማር ይዘዋል። ሊያመሰግኑኝ መጡ ብዬ ፊቴን አስተካከልኩ።

«አንቺ ነሽ ከአልጋ ወደቀ ብለሽ የፈረምሽው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ አደሎ፣ ግን...»

«ከአልጋ!» አሉ፤ መሬቱን በከዘራቸው መቱት። «ጅማ ላይ ወረቀቱን አነበቡት፤ ሐኪሞቹ ሳቁ። ወሬው እኔን ቀድሞ አገሬ ገባ። ልጆች 'እንቅልፍ የጣለው' እያሉ ይጠሩኛል። አባቴ የወጣበትን ዛፍ ወጥቼ፣ ንብ ያልደፈረው ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ ሰቅዬ፣ እኔ ከአልጋ?»

እትዬ አስካለ ማሩን በሀፍረት ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«በሰው ፊት ተናገሪ።»

ሄድኩ። የመንደራቸው እድር በተሰበሰበበት ቀን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ከጠበቅን በኋላ ቆሜ በካፊኖኖ ተናገርኩ፦ ጋሽ አደሎ ከአልጋ አልወደቁም፤ ከዛፍ ነው፤ የተጻፈው ውሸት ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ከወጣቶቹ አንዱ ሊስቅ አፉን ከፈተና ዙሪያውን አይቶ ዘጋው።

የእድሩ ዳኛ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ውሸት መሆኑን ካወቅሽ ለምን ፈረምሽ?»

«ካልፈረምኩ አይወስዷቸውም ነበር።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ አደሎም «ሰማችሁ?» ብለው ተቀመጡ፤ እትዬ አስካለ ማሩን ይዘው መጡ።

በዚያ ግምገማ ከጠዋት እስከ ምሳ ሲወቅሱኝ የተማሩ ሰዎች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ለምን እንደፈረምኩ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።